አንድ ቅዳሜ በላንጋኖ ዳር

የምኖረው ሰበታ ነው። ሴት ልጄ ቡራዩ፣ ወንዱ ልጄ ሱሉልታ ቤት ይዘዋል። የቤት ኪራይ ከመሀል አዲስ አበባ እየገፋ ሦስታችንንም በሦስት በኩል ዳር አውጥቶናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ከተሞች ሸገር በተባለው ከተማ ሥር ስለተጠቃለሉ በወረቀት የአንድ ከተማ ነዋሪዎች ነን። በታክሲ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ወንዱን ልጄን ልጠይቅ ስነሣ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ፣ እንጦጦን ወጥቼ ወርጄ፣ ግማሽ ቀኔን መንገድ ላይ ጨርሼ ነው የምደርሰው።

የልጅ ልጆቼ ሁለት ናቸው። የቡራዩው አሥር ዓመቱ ነው፤ የሱሉልታዋ ሰባት ሞልቷታል። የሚገናኙት ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ እኔ ቤት ሲመጡ ብቻ ነበር። ሲገናኙም የወላጆቻቸውን ስልክ ተቀብለው ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ይመሻል። አንድ በዓል ላይ ትንሿ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "እማማ፣ ያ ልጅ ስሙ ማን ነበር?" አለችኝ። የገዛ አክስቷን ልጅ እኮ ነው!

እዚያው ወሰንኩ። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ "ሁለቱንም ስጡኝ" አልኩ። ሁለት ሌሊት፣ በድንኳን፣ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር። ወንዱ ልጄ መኪናውን ሊነዳ ተስማማ። ሴት ልጄ ግን አመነታች። "እማዬ፣ ልጁ እኮ ዋና አይችልም" አለችኝ። "ነርሷ እኔ አይደለሁ እንዴ? ምን እንዳይሆን ነው?" አልኳት። ይህችን አነጋገሬን ያዙልኝ።

ከሰበታ ለሚነሣ ሰው ላንጋኖ ለመድረስ አዲስ አበባ መግባት አያስፈልገውም። ከአለም ገና ወደ ደቡብ ታጥፎ የቡታጅራን መንገድ መያዝ ነው። አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ተሻገርን። ከሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበትና እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቦታ ነው፤ ልጆቹ ግን ተኝተው ነበር። ጢያ ላይ ቀሰቀስናቸውና ትክል ድንጋዮቹን አዩ። ድንጋዮቹ 36 ናቸው ይባላል፤ ትንሿ 34 ቆጥራ አልመለስ አለች። ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ባቱ ገባን።

ባቱን እኔ የማውቃት ዝዋይ በሚለው ስሟ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዲፕሎማዬን ገና እንደያዝኩ እዚያ አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። ያኔ ትልቁ ሥራችን ወባና ቢልሃርዚያ ነበር። የቢልሃርዚያው ትል ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ወጥቶ ውኃ የነካውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ መጠጣት እንኳ አያስፈልግም። ስለዚህ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን ፔሊካኖቹንና የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች ስናይ የሁለቱንም ልጆች እጅ ግራና ቀኝ ጨብጬ ነው የቆምኩት። እግራቸውን ነከር ሊያደርጉ ቢለምኑኝም አልሰማሁም። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ሲባል የኖረ ሐይቅ ነው፤ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል እዚያ ስንደርስ ጥንቃቄዬ ላላ ያለው። ትሉን ስፈራ ሌላውን ረሳሁት።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ደረስንና ድንኳኖቹን ከግራር ሥር ተከልን። ላንጋኖን ላላያችሁት፣ ውኃው ቡናማ ነው፤ ወተት የተጨመረበት ሻይ ይመስላል። ጭቃ ነው ብለው የሚጠየፉት አሉ፤ ግን ከሸለቆው አፈር የመጣ በጣም ደቃቅ ብናኝ ተንሳፍፎበት ነው። ጉልበት ድረስ የገባ ሰው የገዛ እግሩን አያይም።

ሥራ ተከፋፈልን። ልጄ እሳቱን፣ እኔ ድስቱን፣ ትንሿ ጭራሮ ለቀማውን፣ ልጁ ውኃውን። ከሰሉን ከቤት ይዘን ነበር የሄድነው፤ በየመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ ሳይ በቀሩት ግራሮች ላይ መጥረቢያ ማንሣት አላስቻለኝም። የሚጠጣና የሚበሰልበትንም ውኃ በሦስት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከሰበታ ጭነናል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የአካባቢው ልጆች ጥርስ የሚበልዘው ለዚህ ነው፣ ሲቆይም አጥንት ይጎዳል። ሁለት ቀን ቢጠጡት ምንም አይልም፤ ግን የተቅማጥ መድኃኒት ከመፈለግ ውኃ መሸከም ይሻላል። አራተኛዋን ጀሪካን ባዶዋን ይዘናት ሄድን፤ ለዕቃ ማጠቢያ ከሐይቁ የምንቀዳባት ናት። እንዳትደባለቅ ጆሮዋ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩባት። የድሮ የሥራ ልማድ ነው፤ ምልክት ያልተደረገበት ዕቃ እንቅልፍ አይሰጠኝም።

ማታ ሁላችንም አጎበር ውስጥ ገባን። ልጄ በልቡ ሳይስቅብኝ አልቀረም። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ልጆቻችን ወባን አያውቋትም፤ ሰውነታቸውም አልለመዳትም። ላንጋኖ ግን 1600 ሜትር ግድም ነው። ወባ ብዙ ጊዜ ከተነከሱ ከሳምንት በኋላ ነው የምትታየው፤ ያኔ ልጁ ሱሉልታ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው፣ የሚያየውም ባለሙያ ጉንፋን ሊመስለው ይችላል። ከቆላ በተመለሱ ሰሞን ልጅ ካተኮሰው "የት ነበራችሁ?" እስክትባሉ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ ተናገሩ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ሦስት ወጣቶች ማታ የጣሉትን መረብ እየሳቡ ነበር። "አካም ቡልተን" አልኳቸው፤ ኦሮምኛዬ የሰበታ ጎረቤቶቼ ያስተማሩኝ ነው፣ ለሰላምታ ይበቃል። ልጆቹም ፒጃማቸውን እንደለበሱ ተከትለውኝ መጡ። ከወጣቶቹ ታላቁ አንዲት ቆሮሶ ከመረቡ ፈልቅቆ አወጣና "ነይ፣ ነይ" ብሎ ትንሿን ጠራት። በአውራ ጣቱ የዓሣዋን አፍ ቀስ አድርጎ ሲከፍተው ውስጡ እንደ ምስር ክክ ያለ ቢጫ ፍሬ ሞልቶታል። እንቁላሏ ነው። ቆሮሶ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታስፈለፍለው። እስኪፈለፈል አትበላም፤ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

እኔ ስንት ሕፃን አዋልጄ ይህን በዓይኔ ሳላይ ስድሳ ዓመቴን አለፍኩ። በእኛው ሰበታ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ በአጥሩ ሥር ስመላለስ ኖሬ አንድ ቀን ገብቼ ምን ታረባላችሁ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ትንሿ "ብትውጣቸውስ?" አለች።

"አትውጥም" አላት ወጣቱ ሳቅ ብሎ፤ ዓሣዋንም ወደ ውኃው መልሶ ለቀቃት። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግ እንደሆነ እንጃ፤ ልጅቷ ስላለች ሊሆን ይችላል።

ከቁርስ በኋላ እኛም ልናጠምድ ተቀመጥን። ሁለት ሸምበቆ፣ ናይለን ክር፣ መንጠቆ፣ ከጓሮዬ ቆፍሬ በጣሳ ያመጣሁት የምድር ትል። ልጁ ትሉን በጣቱ ለመንካት ተጠየፈ፤ ትንሿ ሰካችለት። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። ስልክ የለም፣ ዓሣም የለም፤ ሲጨንቃቸው ማውራት ጀመሩ። እሱ ስለ ገፈርሳ ግድብ ነገራት፤ ከሰፈሩ ርቆ እንደማይገኝ፣ አዲስ አበባ የምትጠጣው ውኃ ከዚያ እንደሚሄድ፣ ወደ ውኃው መጠጋት ግን እንደማይፈቀድ። እሷ ደግሞ ክረምት ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ እንዴት ውኃ እንደሚተኛበት ነገረችው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማለሁ። ለዚህ ነበር የመጣሁት።

እስከ ረፋዱ ሁለት ቆሮሶና አንድ ትንሽ አምባዛ ያዙ። ለአራት ሰው ስለማይበቃ አምስት ቆሮሶ ከወጣቶቹ ገዛን። ቡራዩ ሲደርስ ሰባቱንም እሱ እንደያዛቸው ነው የተወራው። አምባዛዋን ለወጣቶቹ ሰጠናቸው፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ በእኛ ቤት አይበላም፣ እናቴም አትበላም ነበር።

ዓሣ ማጽዳት ያስተማርኳቸው ትልቅ ድንጋይ ላይ ነው። ቅርፊቱ ከጅራት ወደ ራስ በቢላ ጀርባ ይፋቃል፤ ሆዱ ከታች ይሰነጠቃል፤ ሐሞቷን ላለማፍረስ ጣትን ቀስ አድርጎ ማስገባት ነው፣ ከፈሰሰች ሥጋው ይመርራል። ልጁ መጀመሪያ አፍንጫውን ያዘ። ነጯን የአየር ከረጢት አውጥቼ ሳሳየው ግን እጁን ለቀቀ። "ይቺን እየነፋና እያጎደለ ነው ዓሣው ሳይለፋ ውኃ መሀል የሚቆመው" አልኩት። ውኃ ላይ አስቀመጣት፤ ተንሳፈፈች። ሰባቱንም ዓሣ እሱ ጨረሰ። ጎንና ጎናቸውን ተልትለን፣ ጨውና ሎሚ አሽተን፣ ዱቄት ነስንሰን ጠበስናቸው። በአዋዜና በቃሪያ በላን። በዐቢይ ጾም ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዓሣ ስንት እንደሚሸጥ አስቤ አንዱን ራስ እንኳ ለድመት አልተውኩም።

ከምሳ በኋላ ልጄ ድንኳን ውስጥ ጋደም አለ። ነፋስ ተነሣ፤ ከኋላችን ወደ ሐይቁ ነው የሚነፍሰው። ዘይት የያዘውን ድስት በአሸዋ ልፈትግ ውኃው ዳር ቁጢጥ አልኩና ልጁን "በል፣ ባለ ቀይ ጨርቋን ቅዳልኝ" አልኩት። እኔ ነኝ የላክሁት። ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ ድስቴን እፈትጋለሁ።

ትንሿ አጠገቤ ሳህን ታለቃልቃለች። "እማማ፣" አለችኝ በተረጋጋ ድምፅ፣ "ለምንድን ነው ሰማይ ሰማይ የሚያየው?"

ዞርኩ። ከውኃው በላይ ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው፤ ወደ ላይ ቀና ብሏል፣ አፉ ከውኃው እኩል ሆኗል። እጆቹ ከውኃው በታች መሰላል የሚወጣ ይመስል ይገፋሉ። ድምፅ የለውም፤ ምንም። ባለ ቀይ ጨርቋ ጀሪካን ከእሱ አልፋ በነፋሱ እየተገፋች ትሄዳለች። ነፋሱ ከእጁ ወስዶበት ሲከተላት መሬቱ ከድቶታል።

አንባብያን፣ የሚሰምጥ ሰው ይጮኻል፣ እጁን ያወናጭፋል ብላችሁ ከሆነ ፊልም ነው ያሳታችሁ። አየር ለመሳብ የሚታገል ሰው ለመጮህ የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 ሰው በውኃ ሰምጦ እንደሞተ ይገምታል፤ ከአራቱ አንድ የሚሆነው ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ነው። ይህን የማስተምር ሰው ነበርኩ። እናቶችን ሰብስቤ "ዓይናችሁን ከልጃችሁ አታንሡ" ያልኩበት ቀን ብዛቱ። እኛ ደገኞች ደግሞ ወንዝ እንሻገራለን እንጂ ዋና አንማርም፤ እኔም አልችልም።

መጀመሪያ ወደ ውኃው ዘለቅኩ፤ እስከ ወገቤ ከገባሁ በኋላ ነው አእምሮዬ የተመለሰው። ብቀጥል ሁለት እንሆናለን። ዞሬ ሳይ ጠዋት ውኃዋ ያለቀው ጀሪካን ዳር ላይ ቆማለች። ዝንብ እንዳይገባባት ክዳኗን ዘግቼው ነበር። ይዤ ባለ በሌለ ጉልበቴ ወረወርኳት። አጠገቡ አልደረሰችም። ነፋሱ ግን ከኋላዋ ገፍቶ ወሰዳትና ደረቱን መታችው። በሁለት እጁ አቀፋት። ያኔ ነው የጮህኩት፤ ያኔ ነው እሱም የጮኸው። መረባቸውን ይጠግኑ የነበሩት ወጣቶች በሩጫ ገቡ። ታላቁ እስከ አንገቱ ሄዶ ጀሪካኗን ከነልጁ እየጎተተ አወጣልኝ።

ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ ብዙም የዘለለ አይመስለኝም።

ወጣቶቹ ውኃው ይውጣለት ብለው በእግሩ ዘቅዝቀው ሊያንጠለጥሉት ነበር። ያደጉበት ልማድ ነው፣ በደግ ልብ ነው፤ ግን ከለከልኳቸው። ሲዘቀዘቅ ሆዱ ያለው ምግብ ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጎኑ አስተኛሁት፤ አስለው፣ ምሳውን አወጣው፣ አለቀሰ። የልጅ ለቅሶ ደስ ብሎኝ የሰማሁት ከማዋለጃ ክፍል ውጪ ያን ቀን ብቻ ነው። ሳይተነፍስ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ውኃ ለማፍሰስ ጊዜ ሳላጠፋ አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት እጀምር ነበር፤ በውኃ የታፈነ ሰው ከሁሉ በፊት የጎደለው አየር ነውና።

እርጥብ ልብሱን አውልቄ በጋቢ ጠቀለልኩት። ጡረታ ስወጣ አብራኝ የወጣችው የደረት ማዳመጫዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። በሁለቱም በኩል አየር ይገባል። ልጄ መኪናውን ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ አቆመና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ውኃ ወደ ሳንባው ትንሽ የገባበት ልጅ ደህና መስሎ ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሹ ሊከፋ ይችላል። ሳሉ አላቆም ካለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ያለ ወትሮው ድብዝዝ ካለ ወዲያው ነው የሚኬደው። እኔ ማዳመጫና የአርባ ዓመት ልምድ ይዤ ነው የጠበቅኩት፤ እናንተ ግን አትጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ከዘጠኝ ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት በየግማሽ ሰዓቱ ትንፋሹን ቆጠርኩ። መጀመሪያ 30፣ በኋላ 24፣ ከዚያ 20። ትንሿ ቁጥሩን እየጻፈች አገዘችኝ፤ እንቅልፍ እስኪጥላት።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩን አነሣሁ። ልጄ "አሁን አትንገሪያት፤ ሌሊቱን ስትጨነቅ ታድራለች፣ ስንመለስ በአካል እንነግራታለን" አለኝ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን የሷ ልጅ ነው፣ አደራውን የበላሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ደወልኩና እንደሆነው ነገርኳት፤ ጀርባዬን ሰጥቼ እንደነበርም፣ እኔ እንደላክሁትም አልደበቅኩም። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"አሁን ምን እያደረገ ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ከምሳ የተረፈውን ዓሣ እየበላ ነው።"

"እሾኹን አውጪለት" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እሾኹን አወጣሁለት፤ አሥር ዓመቱ ነው፣ ግን አወጣሁለት።

ሲተኛ አጎበሩን ዙሪያውን ስከትትለት "እማማ፣ ጀሪካኗ እንደ ዓሣው ከረጢት ናት፣ አይደል?" አለኝ። ናት አልኩት።

እሑድ ጠዋት ወጣቶቹን ለመሰናበት ሄድን። ለታላቁ ገንዘብ ልሰጠው ብዘረጋ አልቀበልም አለ፤ በግድ ኪሱ ከተትኩለት። "ገለቶሚ" አልኩት። ለዚያ የሚሆን ቃል በአማርኛም የለኝም። ባለ ቀይ ጨርቋ ጀሪካን አልተገኘችም፤ ነፋሱ ወደ አርሲ በኩል ወስዷታል። ድስቴን ግን ትንሿ ቀን ፈትጋ ጨርሳት ኖሯል፤ ማን እንዳላት አላውቅም፣ እኛ ስንራወጥ።

ሴት ልጄ ሰበታ ድረስ መጥታ ጠበቀችን። ሁለት ሳምንት ያህል በስልክ ከሰላምታ ያለፈ አላወራችኝም፤ መብቷ ነው። አሁን ልጁ ከአዲስ አበባ ሆቴሎች በአንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋና ይማራል፤ ከቡራዩ በሁለት ታክሲ የምታደርሰው ራሷ ናት። የሱሉልታዋም እንጦጦን ተሻግራ ትመጣለች፤ እሱ ካለ እሷም አለች።

ያን እሑድ ስንመለስ አለም ገና ላይ ቆመን ነበር። ሰበታ ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ያለ ጀሪካን አይኖርም። ልጁ ወርዶ ከሻጯ ፊት ከተደረደሩት አንዷን ቢጫ ራሱ መረጠ። ክዳኗን አጥብቆ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ደግሞ ዘጋ፤ ዘቅዝቆም በአፉ በኩል አየር ትለቅ እንደሆነ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ሻጯ "ምን እያደረገ ነው ይሄ ልጅ?" አለችኝ። ከፈልኳትና ሄድን።